ከግድብ ሐይቅ በላይ መሬት ሲለማ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉ የመጠጥ ውሃ በሚቀዳበት ግድብ አቅራቢያ መሬት ይዘው ሊገነቡ ወይም ሊያርሱ ከተነሡ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ከታች የምንሰጣቸው ልኮች በሙያው የተለመዱ መነሻዎች ናቸው፤ የአካባቢያችሁ ደንብ የበለጠ የሚጠይቅ ከሆነ ደንቡን ያዙ።

ጥያቄ፦ ወደ ግድብ ሐይቅ ያዘነበለ ሦስት ሄክታር መሬት አለን። አራት ቤቶችና አንድ የመግቢያ መንገድ እንሠራለን። ከውሃው 30 ሜትር እንድንርቅ ተነግሮናል። ይበቃል? የምንለካውስ ከየት ተነሥተን ነው?

የምትለኩት ውሃው ዛሬ ካለበት ሳይሆን ግድቡ ጢም ብሎ ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር ተነሥታችሁ ነው። ውሃው በበጋ ሲሸሽ የሚታየው ራቁት ዳርቻ መሬት ይምሰል እንጂ የሐይቁ ወለል ነው፤ እዚያ የታረሰ ወይም የተቆለለ ነገር በሚቀጥለው ክረምት ውሃ ውስጥ ይገባል። ግድቡን ከሚያስተዳድረው ክፍል የሙሌቱን ከፍታ ጠይቁና ቀያሽ መሬቱ ላይ በችካል ያሳያችሁ። ማንኛውም ንድፍ ከመሣሉ በፊት ይህ ይቅደም።

30 ሜትር ለለጥ ያለ መሬት ጥሩ መነሻ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ በመቶ ተዳፋት 60 ሳንቲ ሜትር መጨመር የተለመደ ስሌት ነው፤ ተዳፋቱ 20 በመቶ ከሆነ 42 ሜትር ይመጣል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ስፋቱ ብቻውን ምንም አያድንም። በዚህ ርቀት ውስጥ ሳይነካ የሚተወው የሣር ቀበቶ የሚያጣራው ተበትኖ በዝግታ የሚያልፍበትን ውሃ ነው። ጎርፉ አንዴ ተሰብስቦ ፈፋ ከያዘ ቀበቶውን ሳይነካው በደቂቃ ውስጥ ሰንጥቆት ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ አንድ ቀን ዝናቡ እየወረደ መሬታችሁን ዙሩና ውሃው የት እንደሚሰበሰብ ምልክት አድርጉ። የቤቶቹ ቦታ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። በበጋ የሚደርቅ ጅረትም ቢሆን የሐይቁ ክንድ ነውና በግራና በቀኙ እንደ ሐይቁ ዳርቻ ይጠበቅለት።

ቀበቶው ላይ ከላይ በኩል፣ ውሃው በሚገባበት ጠርዝ፣ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ይሁን፤ ቁጥቋጦና ዛፍ ወደ ውሃው ዳር ይጠጉ። ጥላው ሥሩን ያራቆተው የዛፍ ረድፍ ብቻውን ደለል አይዝም። ከብት አይግባበት፤ ውሃ በቱቦ ስባችሁ ከቀበቶው ውጭ ባለ ገንዳ አጠጡ።

ቤቶቹ በላይኛውና ለጥ ባለው ክፍል ይሁኑ። በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ውሃ የማያሰርገው ገጽ፣ ማለትም ጣሪያ፣ ንጣፍና የተጠቀጠቀ መንገድ፣ 10 በመቶ ገደማ ሲደርስ የጅረቶች ጤና መታወክ ይጀምራል። በእናንተ መሬት ይህ 3,000 ካሬ ሜትር ነው። እያንዳንዳቸው 150 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያላቸው አራት ቤቶች 600 ይወስዳሉ፤ 300 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ደግሞ ለብቻው 1,200። ከቤቶቹ ይልቅ መንገዱን ማሳጠር የበለጠ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከአንዱ ጣሪያ ላይ ወደ 3.75 ሜትር ኩብ ውሃ ያወርዳል፤ በታንከር ያዙት ወይም ሣር ላይ በትኑት፣ በቱቦ ግን ወደ ዳርቻው አትውሰዱት።

ጥያቄ፦ ቁፋሮ ስንጀምር በታችኛው በኩል የደለል መያዣ ጨርቅ በእንጨት ተክለን አጠርን። የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ ግን ከአጥሩ ማዶ የወጣው ውሃ ቡናማ ነበር። ጨርቁ ጥራት የሌለው ነው?

ጨርቁ ምንም ላይሆን ይችላል። በረጋ ውሃ ውስጥ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሸዋ ቅንጣት አንድ ሜትር ለመስጠም ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። 0.01 ሚሊ ሜትር የሆነው ደቃቅ ደለል ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። 0.001 ሚሊ ሜትር የሆነው የሸክላ ቅንጣት ግን ወደ 13 ቀን ይፈጅበታል። አጥሩ የሚሠራው ውሃውን ለጥቂት ጊዜ አቁሞ በማዝቀጥ ስለሆነ አሸዋውን ይይዛል፣ ሸክላውን ያሳልፋል። ውሃውን ቡናማ ያደረገው ሸክላው ነው፤ ፎስፈረስና ፀረ ተባይ ተሸክሞ የሚሄደውም እሱ ነው። አንዴ ውሃ ውስጥ የገባን ሸክላ መልሶ መያዝ ከባድ ነው። ያለው መፍትሔ ከመሬቱ እንዳይነሣ ማድረግ ነው።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ከግንባታው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ፤ ከላይ የሚመጣው ንጹሕ ውሃ የተቆፈረውን መሬት ሳይነካ ዞሮ ሣር የለበሰ ቦታ ላይ ይውጣ። ቀጥሎ በታችኛው ጫፍ የደለል ማስቀሪያ ኩሬ ይሠራል፤ ለሚፈስበት ለእያንዳንዱ ሄክታር 250 ሜትር ኩብ ያህል እንዲይዝ አድርጉት። መውጫው ከወለሉ ሳይሆን ከውሃው ገጽ የሚቀዳ ይሁን፤ ከሥር የሚያወጣ ቱቦ የዘቀጠውን ደለል መልሶ ይጠርገዋል። ሦስተኛ መንገዱ። ከዚያ በኋላ ብቻ የአንዱ ቤት ቦታ ይገፈፋል፤ እሱ ሳይሸፈን ሁለተኛው አይነካም። ዶዘሩ አንዴ መጥቷልና ሁሉንም በአንድ ቀን ይግፈፍ የሚለው ሐሳብ በዚህ ሥራ ላይ ትልቁ ጥፋት ነው ብለን እናምናለን።

የተገፈፈ መሬት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥራ የማይነካው ከሆነ ወዲያው ጭድ ይጎዝጎዝበት። ልኩ በካሬ ሜትር 450 ግራም ያህል፣ በሄክታር 4.5 ቶን ነው፤ አፈሩ በጭዱ መሐል እምብዛም የማይታይ ከሆነ በቅቷል። አንድ ሜትር ለመውጣት ሦስት ሜትር ከማይሞላ አግድም በሚነሣ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ጭዱን ነፋስና ውሃ ስለሚያንሸራትቱት በላዩ ላይ መረብ ዘርግታችሁ በካስማ ምቱት። ጭዱ ጊዜያዊ ነው፤ ከሥሩ የሣር ዘር ተዘርቶ ከባዱ ዝናብ ሳይገባ መያዝ አለበት።

አጥሩም ቢሆን በደንብ ከተተከለ ይጠቅማል። የጨርቁ ታችኛ ጠርዝ 15 ሳንቲ ሜትር በሚጠልቅ ቦይ ውስጥ ተቀብሮ አፈሩ ይጠቅጠቅ፤ ያለዚያ ውሃው በሥሩ ይሾልካል። እንጨቶቹ ከ2 ሜትር በላይ አይራራቁ፤ የሚተከሉትም ከጨርቁ በታች በኩል ነው። አጥሩ በውሃ ልክ ተለክቶ ዳገቱን አግድም ይከተል፤ ሁለቱ ጫፎች ወደ ላይ ይታጠፉ፤ ካልታጠፉ ውሃው በጎን ዞሮ ይሄዳል። ለ30 ሜትር አጥር የሚፈስበት መሬት ከ0.1 ሄክታር መብለጥ የለበትም። ደለሉ የአጥሩን ሲሶ ሲደርስ ጥረጉት። ፈፋ ወይም ጅረት ላይ ጨርቅ አትወጥሩ፤ ኃይለኛ ውሃ ነቅሎት ይሄዳል። እዚያ የሚሠራው የድንጋይ ክትር ነው፣ መሐሉ ከዳርና ዳሩ ዝቅ ብሎ።

የስሚንቶ ዕቃ ያጠባችሁበትን ውሃ ወደ መሬት አትድፉት። አልካሊነቱ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ጅረት ከገባ ዓሣ ይገድላል። ፕላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀም፤ ሲደርቅ የጠጠረውን አውጡት። የነዳጅ በርሜልም ከሙሉ ይዘቱ 110 በመቶ መያዝ በሚችል ገንዳ ውስጥ ይቁም።

ጥያቄ፦ ከሐይቁ ዳር 60 ሜትር ላይ ሴፕቲክ ታንክ ልንቀብር ነው። ቆፋሪው «ጥልቅ ካደረግነው ሽታም አይኖረውም፣ ቶሎም አይሞላም» ይላል። ትክክል ነው?

ቶሎ አለመሙላቱ እውነት ነው፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። የማይሞላ ጉድጓድ ፍሳሹን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ እየላከ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሐይቁ። ታንኩ የሚያደርገው ጠጣሩን ማዝቀጥና ቅባቱን ማስቀረት ብቻ ነው። ጀርም የሚገደለው ከታንኩ የወጣው ፍሳሽ አየር ባለው፣ ውሃ ባልሞላው አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሰርግ ነው። ከታንኩ የወጣው ፍሳሽ አፈር ውስጥ ከሚሰርግበት ከማስረጊያ ቦዩ ወለል በታች እስከ ከርሰ ምድር ውሃ ወይም እስከ አለት ድረስ 1.2 ሜትር ያህል ደረቅ አፈር ይኑር። ጥልቀት ይህን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

መጀመሪያ አፈሩን ፈትኑ። ከ2 ሜትር በላይ የሚጠልቅ አንድ ጉድጓድ ቆፍሩና ግድግዳውን ተመልከቱ፤ ግራጫና የዝገት ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ካያችሁ፣ በበጋ ደረቅ ቢሆንም በክረምት የከርሰ ምድሩ ውሃ እስከዚያ ይወጣል ማለት ነው። ለስርገት ፈተናው ደግሞ ማስረጊያ ቦዩ በሚውልበት ጥልቀት ትንንሽ ጉድጓዶች ቆፍሩ፤ ግድግዳቸውን ጫር ጫር አድርጉና ከታች 5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ጨምሩ። ውሃ ሞልታችሁ ሌሊቱን እንዲጠጡ ተዉአቸው። በማግሥቱ ከጠጠሩ በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ጨምሩና በየግማሽ ሰዓቱ ስንት እንደወረደ መዝግቡ። አንድ ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ከ24 ደቂቃ በላይ ከፈጀ አፈሩ አይቀበልም፤ ፍሳሹ ወደ ላይ ይወጣል። ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ከወረደ ደግሞ ሳይጣራ ያልፋል። ሌሊቱን ሳያጠጡ በደረቅ መሬት ላይ የሚደረግ ፈተና ሁልጊዜ ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ አትመኑት።

ስለ ርቀቱ፣ የኒው ዮርክ ከተማ የውሃ ምንጮቿን ለመጠበቅ በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ደንብ ማስረጊያ መሬት ከጅረት 100 ጫማ (30 ሜትር ገደማ)፣ ከግድብ ሐይቅ ደግሞ 300 ጫማ (90 ሜትር ገደማ) እንዲርቅ ያዛል። የእናንተ 60 ሜትር በዚህ መለኪያ ያንሳል። መሬታችሁ ወደ ላይ ሰፊ ከሆነ ታንኩ ከቤቱ አጠገብ ይሁንና ፍሳሹ በፓምፕ ወደ ላይኛው ጠፍጣፋ ቦታ ይውጣ። ፓምፕ ኤሌክትሪክና ጥገና ይፈልጋል፤ ቢሆንም ከዳርቻው አጠገብ ከማስረግ እንመርጠዋለን። ኃይል ሲቋረጥ የሚጠራቀመውን የአንድ ቀን ፍሳሽ የሚይዝ ክፍል ጨምሩለት።

ለባለ ሦስት መኝታ ቤት ባለ ሁለት ክፍል፣ 4 ሜትር ኩብ ገደማ የሚይዝ ታንክ ተስማሚ ነው። የማስረጊያ ቦዮቹ ዳገቱን አግድም ይከተሉ፣ ወለላቸውም ልክ ይሁን፤ ካዘነበለ ፍሳሹ ሁሉ አንድ ጫፍ ላይ ይከማቻል። ያው ስፋት ያለው ሌላ ቦታ ለመጠባበቂያ ባዶውን ይቆይ። ማስረጊያው ላይ መኪና አይቁም፣ የጣሪያ ውሃ አይውረድበት፣ ዛፍም አይተከልበት። ዝቃጩና ቅባቱ የታንኩን ሲሶ ሲይዙ ይመጠጥ፤ ብዙውን ጊዜ ይህ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ይሆናል። ካልተመጠጠ ጠጣሩ ወደ ቦዮቹ አልፎ አፈሩን ይደፍናል፤ የተደፈነ ማስረጊያ ደግሞ በማስመጠጥ አይድንም።

ጥያቄ፦ ግድባችን በየበጋው አረንጓዴ ይለብሳል። ግማሹ ሳሙና ነው ይላል፣ ግማሹ የእኛን ማዳበሪያ ይወቅሳል። ማን ትክክል ነው?

በብዙ ሐይቆች ውሃውን አረንጓዴ የሚያለብሰውን ዋቅላሚ (አልጌ) ልጓም የሚይዘው ፎስፈረስ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት «ሐይቅ 226» በተባለ ሐይቅ ላይ ተመራማሪዎች ሐይቁን ወገቡ ላይ በመጋረጃ ከፍለው በሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፤ በአንዱ ወገን ብቻ ፎስፈረስ አከሉ። አረንጓዴ የሆነው ፎስፈረስ የገባበት ብቻ ነበር። አንድ ግራም ፎስፈረስ ወደ 100 ግራም ደረቅ ዋቅላሚ ማብቀል ይችላል።

እንግዲህ ምንጮቹን ቁጠሩ። የአንድ ሰው ፍሳሽ በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም ይይዛል፤ ፎስፌት ያለው ሳሙናም ድርሻ አለው። ነገር ግን አንድ ቶን የታጠበ አፈር ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ፎስፈረስ ይዞ ይወርዳል። ሁሉም ወዲያው ለዋቅላሚው አይደርሰውም። ወለል ላይ ይቀመጥና ጥልቁ ውሃ ኦክስጅን ሲያጣ ከብረት ጋር የያዘውን ትስስር ፈትቶ ይወጣል። የክረምቱ ጭቃ ውሃው ረግቶ ሲሞቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚመለሰው በዚህ መንገድ ነው።

ማዳበሪያ አትጠቀሙ አንልም፤ አፈራችሁን አስመርምራችሁ የጎደለውን ያህል ብቻ ስጡ። ከላይ ከመበተን ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቅበሩት፤ ከባድ ዝናብ ሲያንዣብብ አቆዩት። ፍግም ፎስፈረስ አለው፣ ክምሩ ከውሃ መንገድ ይራቅና ይሸፈን።

አረንጓዴው እንደ ቀለም ሲንሳፈፍ ካያችሁ ከብትም ሰውም ከዚያ አይጠጣ። አንዳንዱ መርዝ ያመነጫል፤ ማፍላት መርዙን አያጠፋም፣ እንዲያውም ሕዋሱን አፈንድቶ ሊለቀው ይችላል። በነሐሴ 2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቶሌዶ ከተማ ከኤሪ ሐይቅ የሚቀዳውን የቧንቧ ውሃ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች እንዳይጠጡ የተከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የጠጠር መንገዳችን በየክረምቱ ይታጠባል። በጎኑ ያለው ቦይ በቀጥታ ጅረት ይገባል። ምን እናድርግ?

ቦዩን ከጅረቱ ለዩት። የመንገዱ መሐል ከዳሩ 4 በመቶ ከፍ ብሎ ይሠራ፤ በርዝመቱ ደግሞ ቢቻል ከ10 በመቶ ተዳፋት አይለፍ። የቦዩ ውሃ ጅረቱ ጋ ሳይደርስ አሥር ቦታ ተከፋፍሎ በሣር ላይ ይውጣ፤ መውጫዎቹ በቀጥታ በሚወርድ ዳገት ላይ ይበልጥ ይቀራረቡ። እያንዳንዱ መውጫ ላይ ድንጋይ ካልተደረደረ ግን ራሱ አዲስ ፈፋ ይቆፍራል። ከመንገዱ ሥር የሚቀበረው ቱቦ በጅረቱ ወለል ልክ ይቀመጥ፤ ከፍ ካለ ውሃው ሲወድቅ ከሥሩ ይቦረቡራል።

ጥያቄ፦ የሠራነው መሥራቱን ያለ ላቦራቶሪ እንዴት እናውቃለን?

በአንድ ዝናብ፣ በአንድ ሰዓት፣ ውሃው ወደ መሬታችሁ ከሚገባበትና ከሚወጣበት በሁለት ጥርት ያሉ ጠርሙሶች ቅዱ። ጎን ለጎን አቁሟቸው፤ በማግሥቱ የዘቀጠውን በማስመሪያ ለኩ፣ ከላይ የቀረውንም ድፍርስነት አስተያዩ። ልዩነቱ የእናንተ ድርሻ ነው። ወፍራም ዝቃጭ ከታየ የፈረሰ ቦይ ወይም የሞላ ኩሬ ፈልጉ። ዝቃጩ ትንሽ ሆኖ ውሃው ደፍርሶ ከቀረ ደግሞ ያልተሸፈነ የሸክላ መሬት አለ።

የሐይቁን ውሃ ጥራት ለመለካት 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሰሌዳ በአራት ከፍላችሁ ጥቁርና ነጭ ቀቡት፤ ክብደት አንጠልጥላችሁ ምልክት ባለው ገመድ ከጀልባ ጥላ በኩል አውርዱ። እኩለ ቀን አካባቢ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ሰሌዳው የሚጠፋበትን ጥልቀት በየሁለት ሳምንቱ መዝግቡ። የአንድ ቀን ንባብ ብዙ አይናገርም፤ የሚነጻጸረው የዘንድሮው ክረምት ከአምናው ክረምት ጋር ነው።