ጥያቄ አለኝ፦ አልበም አብረን የምንሰማበት ግሩፕ እየበረደብኝ ነው

ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ አንድ አልበም አብረን ምንሰማበት ግሩፕ አለኝ፣ ባብዛኛው ኢንዲ ነው፣ ማለቴ በትልልቅ ካምፓኒ ሳይሆን በራሳቸው ወይ በትንሽ ሌብል የሚያወጡ ልጆች ሥራ። ስንጀምር 40 ምናምን ነበርን፣ አሁን ሚያወራው 6 ሰው ነው። ምርጫ ላይ ጭቅጭቅ አለ፣ ገሚሱ ፋይሉን እዚሁ ልቀቂልን ይለኛል፣ ዋሺንግተንና ሪያድ ያሉት ደግሞ ሰዓቱ አልገጥማቸው አለ። ልዝጋው እንዴ?
ከአዳማ

እህቴ፣ እንዳትዘጊው! 6 ሰው በየሳምንቱ ስለ አንድ አልበም ካወራ ክለቡ አለ ማለት ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክይው፣ ብዙ ሰው ሚጠፋው እሱ ላይ ነው። እኛ የአልበም ክለብ ውስጥ «ቅዳሜ 2 ሰዓት» ብለን ለጥፈን ዋሺንግተን ያለች ልጅ በነሱ አቆጣጠር ወስዳው፣ ስትገባ አልበሙ አልቆ ሰዉ ደህና እደሩ እየተባባለ ነበር፣ ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብቀው ነበር እኮ፣ በጣም ነው ያሳዘነችኝ። ከዛ ወዲህ ሁሌ እንዲህ ነው ምንጽፈው፦ አዲስ አበባ ከምሽቱ 2፣ ሪያድ 8 ፒኤም፣ ዱባይ 9 ፒኤም፣ ዋሺንግተን 1 ፒኤም። ዋሺንግተኖች በብርዱ ወራት ሰዓት ስለሚቀይሩ ያኔ 12 ፒኤም ይሆናል።

አሰማሙ ላይ ደግሞ ቮይስ ቻት ከፍተሽ በስልክሽ አታጫውቺላቸው፣ ድምፁ ይበላሻል። የእንግሊዙ ዘ ቻርላታንስ ባንድ ዘፋኝ ቲም በርጀስ በኮቪድ ጊዜ ማርች 2020 ላይ ትዊተር ላይ የጀመረውን መንገድ ያዢ፣ ሁሉም ሰው ያለበት ቦታ ሆኖ እኩል ፕሌይ ይላል፣ ከዛ አልበሙ እየሄደ ይጻጻፋል፣ ያኔ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ገብተው እያንዳንዱ ዘፈን እንዴት እንደተሠራ ይጽፉ ነበር። አንቺ ደግሞ ትራክ በተቀየረ ቁጥር «3ኛው ገባ» ብለሽ ጻፊ፣ ኔትወርክ የተቆረጠበት ሰው ከየት እንደሚቀጥል ያውቃል።

ጭጭ ያሉትን እንዳታስወጪያቸው። ዝም ያለ ሁሉ አልሰማም ማለት አይደለም፣ ምናልባት ጥያቄሽ ነው ያስቸገራቸው። «ወደዳችሁት?» ከተባለ ሰው ሃያሲ መሆን ያለበት ይመስለውና ይፈራል። «የቱ ጋ ስትደርሱ መልሳችሁ ሰማችሁት?» በያቸው። እኛ የኃይሉ መርጊያን ላላ በሉ ስንሰማ፣ ያው ዋሺንግተን ታክሲ እየነዳ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ድረስ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ የነበረው ኃይሉ በ2018 እ.ኤ.አ. ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በሚባል ትንሽ ሌብል ያወጣው ነው፣ ሪያድ ያለች ለወራት አንድ ቃል ያልጻፈች ልጅ «መጨረሻው ላይ ሁሉም ዝም ብሎ ፒያኖው ብቻ ሲቀር፣ የአሠሪዎቼን ቤት እየጠረግኩ ቁጭ አልኩ» ብላ ጻፈች። ያን ቀን ግሩፑ ውስጥ ያልጻፈ ሰው አልነበረም።

ምርጫውን በተራ አድርጊው፣ ተራው የደረሰ ሰው የመረጠውን ማንም አይከለክለውም፣ ግን ለምን እንደመረጠው ሁለት ሦስት መስመር ይጽፋል። ርዝመቱ ከ45 ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የሸክላ ዘመን ሥራዎች ለዚህ ይመቻሉ፣ ሸክላው በአንድ ገጽ 20 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሚይዘው።

ፋይል መልቀቁን ግን እምቢ በይ፣ እዚህ ላይ አልለዝብም። ኢንዲ አርቲስት ከኋላው ከፍሎ ሚያስቀርጸው ካምፓኒ የለውም፣ የእናንተ 40 ሰው ለሱ ትልቅ ቁጥር ነው። ባንድካምፕ ላይ፣ ሙዚቀኞች ራሳቸው ሥራቸውን የሚሸጡበት ድረገጽ ነው፣ ብዙዎቹን አልበሞች ሳትገዙም ገጹ ላይ መስማት ይቻላል፣ ሲገዛ ደግሞ ድርጅቱ ከዲጂታል ሽያጭ ሚወስደው 15 በመቶ ነው፣ ባንድካምፕ ፍራይዴይ በሚሉት ቀን ጭራሽ የራሱን ድርሻ አይወስድም። እዚህ ያለነው ኦንላይን ሚከፈልበት ካርድ እንደልብ ስለሌለን ውጪ ያሉት አባሎችሽ በየወሩ አንድ አልበም በስጦታ መልክ ገዝተው፣ ለዛ ወር መራጭ በኢሜይሉ ቢልኩለት ጥሩ ነው፣ እኛ እንዲህ ነው ምናደርገው።