«በአግድም ክፈል» ሲሉኝ ስንት ልክፈል?

ጥያቄ፦ አንድ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ፕሮግራሙ መስኮቱን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። መሃል ላይ ያለችውን መስመር በማውዝ ይዞ በመሳብ አንዱን ማስፋት፣ ሌላውን ማጥበብ ይቻላል። ትእዛዙን «በአግድም ክፈል» ብዬ ተረጎምኩት። ጓደኛዬ ሲያየው «ስንት ልክፈል?» አለኝ። ሲጫነው ደግሞ የጠበቀው ሳይሆን ተቃራኒው መጣበት። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የአማርኛው? ያቺ መስመርስ ስሟ ማን ይባላል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ቀልዶ ነው፤ ግን ቀልዱ ቁም ነገር አለው።

«ከፈለ» ሁለት ሥራ ደርቦ የያዘ ግስ ነው። ሒሳብ ይከፈላል፤ መሬትም ይከፈላል። በንግግር አይምታታብንም፤ አጠገቡ ያለው ቃል ይለየዋል። አዝራር ላይ ግን ቃሉ ብቻውን ይቆማል። ብቻውን የቆመ «ክፈል» ደግሞ ኪስ ያስዳብሳል። ላብራራው ብለው «ለሁለት ክፈል» ቢሉ ባሰ፤ የሁለት ሰው ሒሳብ መጣ። በዚያ ላይ «ክፈት» የሚለው ትእዛዝ እዚያው አካባቢ አለ። የሚለያቸው የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የሚከፈለውን ነገር ይጨምሩበት። «መስኮቱን ክፈል» ካሉ ማንም ቦርሳ አያወጣም።

«አግድም» ግን በዚህ አይገላገሉትም።

ቃሉ የ«ጋደም» ዘመድ ነው። ጋደም ያለ ሰውም ሆነ አጋዳሚ ወንበር ከጎን ወደ ጎን የተዘረጋ ነገር ነው። («አግድም አደግ» የሚለውን ስድብ ለዛሬ እንለፈው።) ፍቺው ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነው የተጋደመው ምኑ እንደሆነ ነው። መስመሯ ከተጋደመች መስኮቱ ላይና ታች ይሆናል። የተከፈሉት ክፍሎች በአግድም ከተደረደሩ ደግሞ ግራና ቀኝ ይሆናሉ፤ መስመሯ ትቆማለች። እርስዎ አንዱን አስበው ጻፉ፣ ጓደኛዎ ሌላውን ተረዳ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

አማርኛን አይውቀሱ፤ እንግሊዝኛውም እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ፕሮግራመሮች መስኮትና አዝራር የሚሠሩባቸውን ቱልኪቶች ይመልከቱ። የጃቫው ስዊንግ «ሆሪዞንታል ስፕሊት» (በአግድም መክፈል) ሲል ሁለቱን ጎን ለጎን ያደርጋቸዋል። ሌላው ቱልኪት ኪውትም እንደዚያው፤ «ሆሪዞንታል» የሚለው የድርድሩን አቅጣጫ ነው። አፕል ግን ስሙን ለመስመሯ ሰጠ። በእሱ ዘንድ «ቨርቲካል» ማለት መስመሯ የቆመች ናት ማለት ነው፤ ስለዚህ ክፍሎቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ልብ ይበሉ፤ ያው አንድ መልክ ነው፣ ስሙ ግን ተገልብጧል። ቪም በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ጎን ለጎን ለማድረግ «ቪስፕሊት» ይባላል፤ «ቪ» የ«ቨርቲካል» ናት። የትእዛዝ መጻፊያ መስኮትን በሚከፋፍለው ቲመክስ ላይ ያንኑ ለማግኘት የ«ሆሪዞንታል»ን «ኤች» መስጠት ያስፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ቀን የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። እግዜር ይርዳቸው።

እንግዲህ ይህን ቃል በቃል ስንተረጉም ያስገባነው ግራ መጋባቱን ጭምር ነው። የ«ቨርቲካል» ትርጉም ብዙ ጊዜ «ቋሚ» ስለሚሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨምራል። ቋሚ የቆመ ነው፤ ቋሚ የማይለወጥም ነው። ቋሚ ሠራተኛ ማለት ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሠራተኛ አይደለም። «ቋሚ መስመር» የሚል ያነበበ ሰው «አትነቃነቅም ማለት ነው» ብሎ ቢተዋት አይፈረድበትም። የመስመሯ ዋና ሥራ ግን መነቃነቅ ነው!

እኔ ብሆን ሁለቱንም ቃላት እተዋለሁ። ተጠቃሚው ማወቅ የሚፈልገው ውጤቱን እንጂ መቁረጫው በየት በኩል እንዳለፈ አይደለም። ለውጤቱ ደግሞ አማርኛ ጥሩ ቃል አለው፤ «ጎን ለጎን» እና «ላይና ታች»። «መስኮቱን ጎን ለጎን ክፈል» ቢባል ሁለት ሰው ሁለት ነገር አያስብም።

አሁን ወደ መስመሯ። «መለያ መስመር» የሚሏት አሉ፤ አልወደድኩትም። መለያ መስመር ይለያል፣ በቃ፤ ዝርዝር ውስጥ ትእዛዞችን ለመለየት የሚሰመረው ዓይነት ነው። ይቺ ግን ታካፍላለች። በቁጥር እንየው። መስኮቱ 1000 ፒክስል ይሰፋል እንበል፤ መስመሯ ራሷ 10 ወሰደች። የቀረው 990 ነው። ግራው 300 ከያዘ ቀኙ 690 ነው። መስመሯን ወደ ቀኝ 50 ፒክስል ቢስቧት ግራው 350፣ ቀኙ 640 ይሆናል። ድምሩ ንቅንቅ አይልም፤ አንዱ የሚያገኘው ከሌላው ቆርሶ ነው። አማርኛ ይህንን «ድንበር መግፋት» ይለዋል፣ ቁጭ ሥራዋን ነው የሚገልጸው። «ድንበር» ብዬ ልሰይማት ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ጠብ ጠብ ይሸታል። «አካፋይ» ይሻላል። የመንገድ አካፋይ እንላለን፣ በሒሳብም አካፋይ አለ፤ ሰው አይደናገርበትም።

ከመስመሯ ግራና ቀኝ ያሉትንም እስካሁን «ክፍሎች» እያልኩ መጣሁ እንጂ «ክፋይ» ብንላቸው ደስ ይለኛል። «ክፍል» መማሪያም መኝታም ነው፤ ራሱን ችሎ ይቆማል። «ክፋይ» ግን የተከፈለበትን ሙሉ ነገር ያስታውሳል። የአብራክ ክፋይ የምንለው ለዚህ ነው።

አንድ ቃል ላስጠንቅቅዎ፣ መድረስዎ አይቀርምና። መስኮቱ ራሱ ሲሰፋ የተረፈውን ቦታ የትኛው ክፋይ ይውሰድ? ስዊንግ ይህንን ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር ይወስናል። ማንም ካልነካው 0 ነው፤ ግራው ባለበት ይቆያል፣ ትርፉን ቀኙ ጠቅልሎ ይወስዳል። መስኮቱ በ200 ፒክስል ሰፍቶ ቁጥሩ 0.25 ከሆነ ግራው 50፣ ቀኙ 150 ይጨምራሉ። የፋይል ዝርዝር በግራ፣ ጽሑፍ በቀኝ ከሆነ 0 ጥሩ ነው፤ ዝርዝሩ ቢሰፋ ምን ይሠራለታል? የቁጥሩ እንግሊዝኛ ስም «ዌይት» ስለሆነ «ክብደት» ብለው የሚተረጉሙ አይጠፉም። እዚህ የሚመዘን ነገር የለም። «ድርሻ» ይበሉት፤ አካፋይ ካለ ድርሻ አለ።

ሌላው «ኮላፕስ» ነው። እያንዳንዱ ክፋይ ዝቅተኛ ልክ አለው፤ አካፋዩ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ኪውት ላይ ግን፣ ካልከለከሉት በቀር፣ ከዚያም አልፈው ከገፉት ክፋዩ እልም ይላል፤ ስፋቱ 0 ይሆናል። ይህን «ክፋዩን አፍርስ» ተብሎ ተተርጉሞ አይቼ ደንግጫለሁ። የፈረሰ ነገር አይመለስም። ይሄኛው መልሰው ሲስቡት ከነጽሑፉ ይመጣል። «እጠፍ» እና «ዘርጋ» በቂ ናቸው።

«መጠኑ ሊቀየር የሚችል ክፋይ» የሚለውን ረጅም ሐረግም ይተዉት። «የሚሰፋና የሚጠብ» አለ፤ ላይና ታች ለሆነው ደግሞ «ከፍና ዝቅ የሚል»።

አዝራሩ ተጠቃሚውን አንተ ይበለው ወይስ እርስዎ የሚለውን አልጠየቁኝም። ፕሮግራሙ በሙሉ በአክብሮት የሚናገር ከሆነ ይሄም ይከተል፤ «መስኮቱን ጎን ለጎን ይክፈሉ»። ስትጽፉት ብቻ «የ» እንዳትገባባችሁ። «የመስኮቱን ይክፈሉ» ከሆነ ጓደኛዎ መስታወት ሰብሮ የተያዘ ይመስለዋል።