«ተወላጅ» የሚባለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ስለ ሩሲያዋ ኦርዮል ከተማ ታዋቂ ሰዎች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ርዕሱን «የኦርዮል ተወላጆች» አልኩት። ጓደኛዬ ግን «አንዳንዶቹ እዚያ አልተወለዱም» ብሎ ተቃወመኝ። «ኦርዮላውያን» ብል ይሻላል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ኦርዮል በኢቫን አራተኛ ዘመን፣ በ1566 የተቆረቆረች ከተማ ናት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በጸሐፊዎቿ ትታወቃለች። ጸሐፊዎቹ ግን ሁሉም በእኩል የእሷ አይደሉም።

ኢቫን ቱርጌኔቭ በ1818፣ ሊዮኒድ አንድሬየቭ በ1871፣ የሥነ ጽሑፍ ፈላስፋው ሚካኢል ባኽቲን በ1895 እዚያው ከተማዋ ውስጥ ተወለዱ። እነዚህን «ተወላጅ» ቢሏቸው ማንም አይከራከርዎትም። ኒኮላይ ሌስኮቭ ግን የተወለደው በ1831፣ በኦርዮል ጠቅላይ ግዛት ጎሮኾቮ በሚባል መንደር ነው። ከተማዋ ውስጥ ተምሯል፤ ሠርቷልም። እሱን «የኦርዮል አካባቢ ተወላጅ» ይበሉት። የ1933 የኖቤል ተሸላሚው ኢቫን ቡኒን ደግሞ የቮሮኔዥ ተወላጅ ነው። ወደ ኦርዮል የመጣው በወጣትነቱ ጋዜጣ ላይ ሊሠራ ነው። ጓደኛዎን ያስቆጣው እሱ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እኛ ዘንድ «ተወላጅ» ብዙ ጊዜ የዘር ሐረግንም ይይዛል። አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ወላጆቹ ከጎጃም ስለመጡ ብቻ «የጎጃም ተወላጅ» ሲባል እንሰማለን። በንግግር አይከፋም። የሰዎችን የሕይወት ታሪክ ስንጽፍ ግን አንባቢ ይደናገራል። «ኦርዮል የተወለደ» ካሉ የትውልድ ቦታውን ብቻ ተናገሩ ማለት ነው። የዘር ሐረጉን ከፈለጉ «ትውልደ» የሚል ጥሩ ቃል አለን።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን «ተወልዶ ያደገ» የሚለው አባባል ነው። ከብዕራችን ሳናስበው ይወጣል። የእኛን ታሪክ የሚነካውን አሌክሳንደር ቡላቶቪችን ይውሰዱ። በ1870 ኦርዮል ተወለደ። ያደገው ግን ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ባለው የቤተሰቡ ርስት፣ ሉትሲኮቭካ ነው። ይህ ፈረሰኛ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1896 ከሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ጋር ኢትዮጵያ ገባ። ከዚያም ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር እስከ ቱርካና ሐይቅ ድረስ ተጉዞ ያየውን በመጽሐፍ ጻፈ። ኋላ መንኩሶ ዛሬ ግሪክ ውስጥ ወዳለው የገዳማት ተራራ፣ አቶስ ገባ፤ በ1919 ተገደለ። እንዲህ ያለውን ሰው «ኦርዮል ተወልዶ ያደገ» ብንል ግማሹ ውሸት ነው። «ኦርዮል የተወለደው» ይበሉና እዚያ ላይ ያቁሙ። አንድሬየቭን ከሆነ «ተወልዶ ያደገ» ማለት ይችላሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ የተማረውም እዚያው ነው። «የኦርዮል ልጅ» ብንለውም ያምርበታል።

«ኦርዮላውያን» ስላሉት፦ ስህተት አይደለም፤ «ሮማዊ» እንላለን። ግን «-አዊ» በአብዛኛው አገርን፣ ሕዝብንና ሃይማኖትን ይከተላል። ለከተማና ለክፍለ ሀገር ጆሯችን የለመደው «ጎንደሬ»፣ «ጎጃሜ»፣ «አዲስ አበቤ» የሚለውን ነው። ይህ ደግሞ ለባዕድ ከተማ አይመችም። «የኦርዮል ሰዎች» ቢሉ ይበቃል፤ የተወለደውንም፣ የኖረውንም ያቅፋል። ቡኒንም ሳይጨቃጨቁ ይገባል። ርዕሱን እንዲህ ያድርጉትና የትውልድ ቦታቸውን በየስማቸው ሥር ይጻፉ።

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር። የቡላቶቪችን ጉዞ ሲጽፉ ራስ ወልደ ጊዮርጊስን «ዘመቱ» ብለው እሱን «ዘመተ» እንዳይሉ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዱን አክብሮ ሌላውን ማቅለል ይሆናል። ወይ ሁለቱንም በአንቱታ፣ ወይ ሁለቱንም ያለ አንቱታ ይጻፉ። እኔ ብሆን ለሁለቱም «ዘመቱ» እላለሁ።