ፎቶግራፍን በቴሌግራም ማስተማር፦ ለሐዋሳዋ ጠያቂያችን የተሰጠ የሙያ ምክር

ውድ እህታችን፣

ደብዳቤሽ እንደሚለው ሐዋሳ በአንድ ፎቶ ቤት ሦስት ዓመት ሠርግና ምርቃት ስታነሺ ቆይተሽ፣ አሁን ፎቶግራፍን በቴሌግራም ማስተማር ጀምረሻል። እያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ የሚፈጁ ቪዲዮዎች ቀርጸሽ፣ በየሳምንቱ አንድ ቻሌንጅ (የፎቶ ልምምድ) ስትሰጪ 60 ሰው ተመዝግቦልሽ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ፎቶ የላኩት ግን 7 ብቻ ናቸው። የተሻለ ካሜራና መብራት ገዝቼ ቪዲዮውን ላሻሽል ወይስ ትቼው ወደ ሠርጉ ልመለስ፣ ደግሞስ ይህ እንጀራ የሚሆን ሥራ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሽናል።

ካሜራም መብራትም አትግዢ። ሠርጉንም አትተዪ። መሻሻል ያለበት የምትሰጪው ቻሌንጅና ለመጣው ፎቶ የምትመልሺው መልስ ነው። ስለ ብርሃን 40 ደቂቃ ያዳመጠ ተማሪ ዳታውን ጨርሶ ይቀመጣል፤ አንድ እንቁላል መስኮት አጠገብ አስቀምጦ 12 ጊዜ ያነሳ ግን ብርሃን ምን እንደሚሠራ በዓይኑ አይቷል። ቪዲዮ ከሠራሽ ከአራት ደቂቃ አይብለጥ፣ የሚያሳየውም የዚያን ሳምንት ቻሌንጅ አሠራር ብቻ ይሁን።

የሦስቱ ሳምንት ርዕሶችሽ «ፍቅር»፣ «ተስፋ» እና «የእኔ ከተማ» ናቸው። እንዲህ ያለ ርዕስ የደረሰው ጀማሪ ወይ ከጋለሪው የድሮ ፎቶ መርጦ ይልካል፣ ወይ ምን እንደተፈለገበት ግራ ገብቶት ይቀራል። ጥሩ ስልክ ኖሮት ሐይቁ ዳር ፀሐይ ስትጠልቅ ያነሳው ደግሞ ምንም ሳይማር ይሞገሳል። በድምፅ የሚዳኝ ውድድር ሲሆን ይብሳል፤ ላሊበላ የሄደው ቤቱ የተቀመጠውን ሁልጊዜ ይበልጠዋል። ስለዚህ ቻሌንጁ አንድ ክህሎት ብቻ ይያዝ፣ ሁሉም ቤት የሚገኝ ዕቃ ይጠቀም፣ ተማሪው የለመደውን አንድ አቋራጭ ይከልክል። መሳካት አለመሳካቱም በዓይን የሚታይ ይሁን። «ቆንጆ ፎቶ አንሱ» መለኪያ የለውም፤ «የነጠላው ጥለትና የሰውየው ዓይን ሁለቱም በግልጽ ይታዩ» ግን አለው።

የመጀመሪያው ሳምንት የእንቁላል ይሁን። የሚያስፈልገው አንድ እንቁላል፣ ሁለት ነጭ ወረቀትና ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት አንድ መስኮት ነው። አምፖሉ ይጠፋል፣ የስልኩ ሌንስ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ይወለወላል፤ የጣት ቅባት ያለበት ሌንስ ፎቶውን ሁሉ ጭጋግ ያለብሰዋልና ይህን በጽሑፍ እዘዢ። እንቁላሉ አንዱ ወረቀት ላይ ሆኖ ከመስኮቱ ግማሽ ሜትር፣ አንድ ሜትር፣ ሁለት ሜትር እየራቀ፣ በየርቀቱ ከአራት አቅጣጫ ይነሳል፦ መስኮቱን ከጀርባ አድርጎ፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ። 12 ፎቶ ማለት ነው። 13ኛው ላይ ሁለተኛው ወረቀት በጥላው በኩል ይቆምና ጥላው እንዴት እንደሚቀል ይታያል። እንቁላሉ ለመስኮቱ ሲቀርብ ከብርሃን ወደ ጥላ ያለው ሽግግር ለስላሳ ነው፤ ሲርቅ የጥላው ጠርዝ ይጠነክራል፣ ብርሃኑም ስለሚያንስ ስልኩ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) ከፍ ያደርግና ፎቶው ኖይዝ፣ ማለትም ጥቃቅን ነጠብጣብ፣ ይሞላዋል። አምፖሉን ሳያጠፋ ያነሳ ተማሪ አንድ ጎኑ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ የሆነ እንቁላል ይልክልሻል። አትቆጪው፤ ሁለት ዓይነት ብርሃን መቀላቀል ምን እንደሚያመጣ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም፣ ፈቃዱን ጠይቀሽ ለሁሉም አሳዪው።

በሁለተኛው ሳምንት የቡና እንፋሎት ወይም የእጣን ጭስ ስጪ። ጭስ ከፊት በመጣ ብርሃን ይጠፋል፣ ከኋላ ሲበራበት ይወጣል። ሲኒው ከመስኮቱ ፊት ትንሽ ወደ ጎን ይቀመጥ፣ ከጀርባው ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ ጥቁር ጨርቅ ይሰቀል፣ ተማሪው ስክሪኑን ነክቶ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) በ1 ገደማ ዝቅ ያድርግ። የማይሳካው አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁ ራሱ ብርሃን ስላገኘ ነው፤ ግራጫ መደብ ላይ ግራጫ ጭስ አይታይም። ውጭ አገር ያሉ ተማሪዎች ቢኖሩሽም ይህ ቻሌንጅ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አፓርትመንትም፣ ዱባይ ባለ ጠባብ ክፍልም ይሠራል፤ ረከቦት ያለበት ቤት ሁሉ ስቱዲዮ ይሆንልሻል።

ሦስተኛውን ሳምንት አጥብቀሽ ያዢው፤ እኛ አገር ፎቶ የሚያነሳ ሰው በየቀኑ የሚገጥመው ችግር ነውና። ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው በአውቶማቲክ ሲነሳ ፊቱ ይጨልማል። ካሜራው የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊትም አብሮ ይወርዳል። ጥቁር ካባ ሲሆን ተቃራኒው ይደርሳል፣ ፊቱ ይነጣል። አዳዲስ ስልኮች ፊት እየለዩ ያስተካክላሉ፤ ሰውየው ጎኑን ሲያዞር ወይም ነጠላው ግንባሩን ሲሸፍን ግን ያው ይሳሳታሉ። ተማሪው አንድን ሰው ጥላ ቦታ አቁሞ ሦስት ጊዜ ያንሳ፦ ምንም ሳይነካ፣ ፊቱ ላይ ጣቱን ተጭኖ ቆልፎ፣ ከዚያም ኤክስፖዠሩን በ0.7 ገደማ ከፍ አድርጎ። መለኪያው ያው የጥለቱና የዓይኑ ነው። ሁለት ነገር ቀድመሽ ከልክዪ። ብዙዎቹ የቴክኖና የኢንፊኒክስ ስልኮች ላይ ያለው ቆዳ የሚያለሰልስ ፊልተር ይጥፋ፤ የቆዳን ሸካራነት ስለሚያጠፋው የምታርሚው ነገር አይኖርሽም። ጀርባውን የሚያደበዝዘው ፖርትሬት ሞድም ይጥፋ፣ የፀጉርንና የነጠላን ጠርዝ ቆርጦ ያደበዝዛልና።

አራተኛው እንቅስቃሴ ነው፦ ቡና ከጀበና ሲቀዳ አንዴ በ1/500 ሰከንድ፣ አንዴ በ1/15 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን በሚቀበልበት ጊዜ) ይነሳ። ለ1/15 ስልኩ ብርጭቆ ተደግፎ የ2 ሰከንድ ቆጣሪ ይሞላለት፣ አለዚያ ቡናው ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። ለ1/500 በረንዳ ላይ መውጣት ይሻላል፣ ቤት ውስጥ ብርሃኑ አይበቃም። ፕሮ ሞድ (ማስተካከያዎቹን በእጅ የሚያስነካው) የሌለው ስልክ ያለው ተማሪ ኦፕን ካሜራ የተባለውን ነፃ መተግበሪያ ይሞክር። አምራቹ መቆጣጠሪያውን ባልከፈተባቸው ርካሽ ስልኮች ላይ ግን እዚያም የሹተር ማስተካከያው አይወጣም። እንዲህ ለሆነበት ተማሪ ያንኑ ቡና አንዴ ደጅ፣ አንዴ ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ እንዲያነሳ ንገሪው፤ ፍጥነቱን ስልኩ ራሱ ይቀይረዋል፣ የፋይሉ መረጃ ላይም ቁጥሩ ይነበባል። በስልክ ስለ አፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ስፋት) ረዥም ትምህርት አትስጪ፤ በአብዛኞቹ ስልኮች አይቀየርም።

እንዴት እንደሚላክ ካልደነገግሽ ይህ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከውን ያሳንሰዋል፣ ሹተሩንና አይኤስኦውን የያዘውን መረጃም ያጠፋዋል። ስለዚህ እንደ ፋይል ይላክ። ባለ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይሆናልና ሁሉንም አትጠይቂ። ሁለት ነገር ብቻ ይላክልሽ፦ የተመረጡ ሦስት ፎቶዎች በፋይል፣ እና የተነሱት ሁሉ በትንንሹ የሚታዩበት የጋለሪ ስክሪንሾት። ዋናው ትምህርት ያለው ስክሪንሾቱ ላይ ነው። ተማሪው አንድ ቦታ ቆሞ 13 ጊዜ ተጫነ ወይስ ተንቀሳቀሰ፣ የተሻለውን አንስቶ ሳለ ደካማውን መረጠ ወይ፣ የሚታየው እዚያ ነው። የድሮ ፎቶና ከኢንተርኔት የወረደም አያልፍም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ዋናው ፋይል የተነሳበትን ቦታ ሊይዝ ስለሚችል፣ ተማሪዎችሽ የቤታቸውን አድራሻ ሳያውቁት እንዳይልኩልሽ በመጀመሪያው ቀን የካሜራውን የቦታ መመዝገቢያ አስጠፊያቸው።

መልስሽ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ የሚሆን የድምፅ መልእክት ይሁን፣ ለእያንዳንዱ ለብቻው። የሠራውን አንድ ነገር በስም ጥሪ፤ «ጎበዝ» አይበቃም፣ «4ኛው ላይ ወደ ግራ ስለዞርክ የእንቁላሉ ክብነት ወጣ» በይ። ከዚያ እንደገና የሚነሳ አንድ ነገር ስጪ፣ አንድ ብቻ። አምስት ስህተት የተነገረው ጀማሪ አንዱንም አያርምም፣ ምናልባትም ከቡድኑ ይወጣል። ድጋሚ ያልተነሳ ፎቶ እንዳልታረመ ቁጠሪው። ለብዙ ሰው መቅረት ትልቁ ምክንያት ይህ መልስ አለመድረሱ ይመስለናል፤ ለ60 ሰው በሳምንት ይህን ማድረግ አትችዪም። አንድ ዙር ከ12 ሰው አይብለጥ። አሁን ላሉት 7 በቀጥታ ጽፈሽ ከእንቁላሉ አስጀምሪያቸው፣ የቀረውን ቦታ ከሌሎቹ መጀመሪያ ለጠየቁ 5 ስጪ።

ሰኞ ቻሌንጁ ይለቀቅ፣ ሐሙስ ማታ ይረከብ፣ ዓርብ መልስሽ ይድረስ፣ ቅዳሜ ምሽት 1 ሰዓት ላይ 45 ደቂቃ በቀጥታ ተወያዩ፣ እሑድ ድጋሚው ይምጣ። የእኛ ምሽት 1 ሰዓት ዋሽንግተን በበጋቸው እኩለ ቀን ነው፣ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ይቀድማል። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይ ምሽት 2 ሰዓት ይሆናል። እስራኤል ሰንበት የሚጠብቁ ቤተሰቦች ካሉሽ ግን በበጋ በዚያ ሰዓት ሰንበት ስላልወጣ ውይይቱን ወደ እሑድ ምሽት አዙሪው። ቻሌንጁን ስትጽፊም ፀሐዩን አስቢ፤ ሐዋሳ ላይ በቀትር ፀሐይ አናት ላይ ሆና የዓይን ጉድጓድን ታጨልማለች፣ ጠዋትና ማታ ያለው ወርቃማ ብርሃንም ቶሎ ያልፋል። ስቶክሆልም ያለ ተማሪ በታኅሣሥ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ያለ ፀሐይ ነው ያለው፣ ያም ለጥቂት ሰዓት። «በቀትር ጥላ አንሱ» የሚለው ትእዛዝ ለሁለቱ ሁለት የተለያየ ትምህርት ይሆናል።

አሁን ወደ እንጀራው። መልስና ድጋሚ ለ12 ሰው በሳምንት ወደ 3 ሰዓት ይወስዳል፤ ቻሌንጁን መጻፍ፣ ውይይቱና መልእክት መላላኩ ሲጨመር 7 ሰዓት ያህል፣ በአራት ሳምንት 28 ሰዓት። ከአንድ ሠርግ ወጪሽን ቀንሰሽ የሚተርፍሽን፣ ኤዲት የምታደርጊበትንም ጊዜ ቆጥረሽ ለሰዓት አካፍዪው። ለምሳሌ 300 ብር ቢወጣ፣ 28 ሰዓት 8,400 ብር ነው፣ ለ12 ሲካፈል በተማሪ 700 ብር። ከዚህ በታች ካስተማርሽ ከሠርጉ እየደጎምሽ ነው ማለት ነው። ዋጋው ለተማሪዎችሽ ከከበደ ቡድኑን አታስፊ፤ ከትምህርት ቤት ጋር ውል ፈልጊ።

የሁለቱን ሥራ ወቅት ማስማማት ይቻላል። በዐቢይ ጾም የኦርቶዶክስ ሠርግ ስለማይኖር 55 ቀኑ ሁለት የአራት ሳምንት ዙር ለማካሄድ ይበቃል ማለት ይቻላል፤ ሐዋሳ የፕሮቴስታንት ሠርግ ብዙ ነውና ቅዳሜዎችሽን ግን አስቀድመሽ እዪ። ጥርን ለሠርግ ተዪው። ሐምሌና ነሐሴ ተማሪው ዕረፍት ላይ ነው፣ ደመናውም ለፊት ፎቶ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል፤ መብራት ስለሚጠፋ ብቻ የማስረከቢያውን ሰዓት በአንድ ቀን አርዝሚ።

ወደ ግል ትምህርት ቤቶች የክረምት መርሐ ግብር ወይም ውጭ አገር ላሉ የኮሙኒቲ ማኅበራት የአማርኛ ትምህርት ክፍሎች ስታመለክቺ የሠርግ አልበምሽን አታስቀድሚ። የሚቀጥርሽ ሰው ማየት የሚፈልገው ተማሪ ሲለወጥ ነው። በአንድ ገጽ ላይ የሦስት ተማሪዎችን ሥራ ጥንድ ጥንድ አድርጊ፣ የመጀመሪያው ሙከራና ድጋሚው ጎን ለጎን ሆኖ፣ ከሥሩ ያልሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ከዚያ የአራት ሳምንቱ ዕቅድ፣ የሚያስፈልገው ዕቃና ዳታ፣ ዋጋው። ፎቶግራፍ ከሠርግ ሌላ ምን ያደርጋል የሚሉ ወላጆች ሲገጥሙሽ፣ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተችውን አዲስ ፎቶ ፌስት ጥሪ፤ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ዓለም ፎቶ አንሺዎች ጋር አብረው ያሳዩበት መድረክ ነው።

የተማሪን ሥራ ለማስታወቂያ ስትጠቀሚ የጽሑፍ ፈቃድ ያዢ፣ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ከወላጅ። ልጆች ባሉበት ቡድን ወላጅ አብሮ ይግባ፤ የድምፅ መልስሽም በግል ሳይሆን ወላጁ ባለበት ይላክ። ቻሌንጆቹ ቤትና ግቢ ውስጥ የሚሠሩ ይሁኑ። መንገድ የሚያስወጣ ከሆነ ሰውን አስፈቅዶ ማንሳትን፣ ወታደር፣ ፖሊስ፣ ኬላና የጥበቃ ቦታ አለማንሳትን ከቻሌንጁ ጋር በአንድ መልእክት ጻፊላቸው፤ ለብቻው የተላከ ደንብ ሳይነበብ ይቀራል።