ለፓምፕ የምግብ ዘይት፣ ለመዥገር የተቃጠለ ዘይት?

ጥያቄው ኮምቦልቻ አጠገብ፣ ቦርከና ዳር ሽንኩርት ከሚያለሙ አርሶ አደር የመጣ ነው። «የቤንዚን ውሃ መሳቢያ ፓምፕ አለኝ። የሞተር ዘይት ተወደደብኝ፤ የምግብ ዘይት ባደርግበትስ? ከውስጡ የወጣውን ጥቁር ዘይት ደግሞ ለከብቶቼ መዥገር ብቀባቸው ምን ይላሉ?»

የምግብ ዘይቱን ይተዉት። ያሟልጫል፣ እውነት ነው። የሞተር ሙቀት ግን አይችልም፤ ይወፍርና እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የሞተር ዘይት ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ከመሐል ይገባል፣ ሙቀት ይቀንሳል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። ስለዚህ መጥቆሩ ብቻ አያስደንግጥዎ። በሁለት ጣትዎ አሸት ሲያደርጉት አሸዋ አሸዋ ካለ፣ ወይም ወተት መስሎ ከነጣ ግን ሞተሩን አያስነሱ። ነጣ ማለት ውሃ ገብቶበታል።

ፓምፕዎ ቤንዚንና ዘይት ለየብቻ የሚሞላበት ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ዕቃው ላይ 10ደብሊው-30 (10W-30) የሚል የሞተር ዘይት ይስማማዋል። እንደ ኮምቦልቻ ሞቅ ባለ ቦታ ኤስኤኢ 30 (SAE 30) የሚለውም ይሆናል። ደሴ ላይ፣ በኅዳር ማለዳ ብርድ፣ የመጀመሪያው ይሻላል፤ በብርድም ቶሎ ይፈሳል። ከጥርጣሬ የመመሪያው ወረቀት ይበልጣል።

አዲስ ሞተር ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ዘይት ይቀየርለታል። በቀን 5 ሰዓት ካጠጡ 20 ቀን ብቻ ነው! ብዙ ሰው «በዓመት አንዴ» ብሎ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሲቀይሩ ሞተሩ ሞቅ ብሎ ይጥፋ፣ ያኔ ዘይቱ ከነቆሻሻው ይወርዳል። መጠኑን ሲያዩ ፓምፑ ሜዳ ላይ ይቀመጥ።

የተቃጠለውን ዘይት ከብት ላይ? ኧረ በፍጹም! ውስጡ የብረት ብናኝና መርዛማ ነገር አለ። ቆዳ ያቆስላል፣ ላሟም ትልሰዋለች፣ ከዚያ ወተቱን ማን ሊጠጣው ነው? ለመዥገር ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይሂዱና መድኃኒት ይዘዙልዎት። ከተረጨ በኋላ ወተቱ ስንት ቀን እንደማይጠጣም ይጠይቁ። ዘይቱን በጀሪካን ዘግተው ለጋራዥ ይስጡ፤ መስኖው ቦይ ውስጥ እንዳይደፉት አደራ።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር ልጨምር። የፓምፑ ሆድ ውሃ ሳይሞላ ሞተሩን አያስነሱ። ዘንጉ ላይ ያለችውን ውሃ ማገጃ የሚያለሰልሳትና የሚያቀዘቅዛት ዘይት አይደለም፣ የሚስበው ውሃ ራሱ ነው። ደርቃ ከዞረች ወዲያው ትቃጠላለች፤ ከዚያ በዘንጉ በኩል ውሃ መንጠባጠብ ይጀምራል።