ፀሐይ፣ ነጭ ዱቄትና ውሃ ውስጥ የቀረ መድኃኒት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ። የምንውጠው አንቲባዮቲክ ሁሉም ሰውነታችን ውስጥ አያልቅም። ከፊሉ በሽንት ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን ይለማመዱታል። ይህን ቅሪት በብርሃንና በነጭ ዱቄት መሰባበር ይቻላል ስለሚባለውም ጠይቃችሁኛል።

«ውሃውን ካፈላሁት መድኃኒቱ አይጠፋም ወይ?» (አንዲት እናት፣ ከሽምብጥ)

እማማ፣ ማፍላቱን እንዳይተዉ፤ ተቅማጥ የሚያመጡትን ተህዋሲያን ይገድላል። እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለውን መድኃኒት ግን የፈላ ውሃ አይበግረውም።

«ብርሃን እንዴት መድኃኒት ይሰባብራል?» (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን ሳታውቀው ታውቀዋለህ። የግድግዳ ቀለምን የሚያነጣው ዱቄት ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖቹ ከቦታቸው ይነሳሉ። የለቀቁት ባዶ ቦታ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል፣ ካገኘው ነገር ጋር ፈጥኖ የሚዋሃድ ቅንጣት ይፈጠራል። ዕድሜው ከቅጽበት ያነሰ ነው፤ ግን ያገኘውን ሁሉ ይቦጫጭቃል። ቴትራሳይክሊንም ቢሆን አይተርፈውም። ዱቄቱ ራሱ አያልቅም፤ ካታሊስት የተባለውም ለዚህ ነው። ሁለት ጃፓናውያን፣ ፉጂሺማና ሆንዳ፣ ይኸው ቁስ በብርሃን ውሃን እንደሚከፍል በ1972 እ.ኤ.አ. ካሳዩ ወዲህ ብዙ ተመራማሪ ተከትሏቸዋል።

ችግሩ ምድር ላይ ከሚደርሰን የፀሐይ ብርሃን አልትራቫዮሌቱ 5 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ በዓይን የሚታየውን ብርሃን ጭምር የሚጠቀም፣ ካርቦን ናይትራይድ የሚባል ቢጫ ዱቄትም ይሞከራል። እኔ ተስፋ የማደርገው በእሱ ነው።

«ጣና ላይ ፀሐይ ሞልቷል። ዱቄቱን ሐይቁ ላይ ብንበትነውስ?» (ዓሣ አስጋሪ)

አይሆንም ወንድሜ። ክረምት ላይ ከሐይቁ ዳር በብርጭቆ ውሃ ቀድቼ መስኮት ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው ከሥሩ ቀይ ደለል ተኝቷል። ወደ ሐይቁ የሚገቡት ወንዞች፣ እነጉማራና ርብ፣ ከማሳ ጠርገው ያመጡት አፈር ነው። እንዲህ ባለ ድፍርስ ውስጥ ብርሃን ሩቅ አይሄድም። ራዲካሉም መድኃኒቱን ከሌላው አይለይም፤ ያገኘው ቅጠላ ቅጠል ላይ ጉልበቱን ይጨርሳል። የተበተነ ዱቄት ደግሞ ተመልሶ አይለቀምም፤ ዓሣህ ሆድ ውስጥ ይገባል። ቦታው የሆስፒታል ፍሳሽ ሐይቁን ሳይነካ የሚጣራበት ገንዳ ነው። ጭቃው መጀመሪያ ይዘቅጣል፤ ዱቄቱም መስታወት ላይ ተለጥፎ ይሠራል። በቂ ሰዓትም ይፈልጋል። ግማሹ ብቻ የተሰበረ መድኃኒት አንዳንዴ ከዋናው የባሰ ይመርዛል።

«የተረፈኝን አሞክሳሲሊን ሽንት ቤት ልጣለው?» (ከቀበሌ 14)

እባክዎ አይጣሉት። ፋርማሲው ይቀበልዎት እንደሆነ ይጠይቁ። ለጎረቤት ልጅ ትኩሳትም አይስጡት።