ያልራበው ሰው የሴፍቲኔት ካርድ ቢይዝ ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው በወሎ ደላንታ፣ ከወገል ጤና ጥቂት ራቅ ካለ ገጠር ነው። ቤተሰቤ አምስት ነን፤ ለችግረኛ ቤተሰብ እህል በሚሰጠው በሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከታቀፍን ስምንት ዓመት ሆኖናል። እርከን እየሠራን፣ መንገድ እየጠረግን ስንዴውን ስንቀበል ኖረናል፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ነው፣ አልክድም። አሁን ግን ትልቁ ልጄ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ ቆፍሮ ባገኘው ገንዘብ ሁለት በሬ ገዛን፣ በግ እናደልባለን፣ ባለፈው ዓመትም ከምስሩና ከስንዴው ለገበያ የሚሆን ተርፎን ነበር። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልዬ ከዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ነው የማኖረው፤ ጠዋት ዳዊት ልደግም ስል አስቀድሞ የሚወጣው እርሱ ነው። ልመልሰው ባስብ ባለቤቴ «በልግ ሲቀርብን ማን ይደርስልናል? በእጁ ያለውን የሚጥል ሰው የት አየህ?» ትለኛለች። አንዳንዶቹ ደግሞ «ካርዱን ያዝ፣ እህሉን ለደብሩ ስጥ» ይሉኛል። በጎረቤታችን ሁለት የልጅ ልጆች የምታሳድግ አንዲት ሙስሊም ባልቴት አለች፤ ኮታ ሞልቷል ተብላ ሳትገባ ቀርታለች። ካርዱን መያዜ ኃጢአት ነውን? ብመልሰውስ እርሷ ትገባበታለችን? ከመለስሁ በኋላ ቢቸግረኝ እንደገና መጠየቅስ ነውር ነውን?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድማችን፣ ስለዚህ ካርድ ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ ሁሉም ግን «ለምን ተሰረዝሁ» እያለ ነው። «ልመልሰውን?» ብሎ የመጣ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ስለዚህ መልሱን ትንሽ ባስረዝመው አይታዘቡኝ።

አስቀድሜ ልቡናዎን ላሳርፍ። እስከ ዛሬ መቀበልዎ ኃጢአት አልነበረም። እኔ በ1977 ዓ.ም. ልጅ ነበርሁ። እናቴ ከእርዳታ ጣቢያ ተሸክማ ያመጣችውን ስንዴ በጣሳ ስትሰፍር፣ ከጣሳው ከንፈር አምልጣ መሬት የወደቀችውን ፍሬ ጣቷን በምራቅ እያራሰች አንድ በአንድ ስትለቅም አሁንም በዓይኔ ላይ አለች። ያን ያየ ወሎዬ እርዳታ መቀበልን ነውር ሊለው አይችልም። እርስዎ ደግሞ በባዶ እጅ አልተቀበሉም፤ የሠሩት እርከን ዛሬ የመንደሩን አፈር ይዞ ቆሟል። ነቢዩ ኤልያስ እንኳ በረኀቡ ዘመን ከአንዲት ድኻ ባልቴት እጅ በልቶ ነው ያደረው።

ሆኖም በዚያው ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ቃል አለ። ነቢዩ ለሰራፕታዋ ባልቴት ዱቄቷ ከማድጋው እንደማያልቅ፣ ዘይቷም ከማሰሮው እንደማይጎድል ሲነግራት «ለዘለዓለም» አላላትም፤ እግዚአብሔር በምድር ላይ ዝናብ እስኪሰጥ ድረስ ነው ያላት (1ኛ ነገሥት 17፥14)። ተአምሩ ራሱ ቀን ተቆርጦለት ነበር። የእስራኤል መናም እንዲሁ ነው። አርባ ዓመት በምድረ በዳ ሲወርድ ኖሮ፣ ሕዝቡ ዮርዳኖስን ተሻግሮ ከከነዓን ምድር እሸት በበላ ማግስት ቀረ (ኢያሱ 5፥12)። ሕዝቡ በድሎ አይደለም የተቋረጠው፣ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ አይደለም፤ ማሳው ማብላት ስለጀመረ ነው። ሊቃውንት በጉባኤ ሲያስተምሩ መና የወረደበትን ምዕራፍ ሰፋ አድርገው ይተረጉማሉ፤ መና የቀረበትን ይህን ቁጥር ግን በስብከት ላይ የሚያነሣው ጥቂት ነው፤ እኔም ራሴ ከማያነሡት አንዱ ነበርሁ። የእርስዎን ጥያቄ ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ እርሱ ነው።

አሁን ካርዱ ምን እንደሆነ እንይ። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው፣ በየዓመቱ ረኀብ ከገባ በኋላ እህል ፍለጋ ከመሯሯጥ ይልቅ፣ ችግሩ ሥር የሰደደበት ቤተሰብ አስቀድሞ ተለይቶ የሚደርሰውን እያወቀ እንዲቀበል ነው፤ ጉልበት ያለው በተፋሰስና በመንገድ ሥራ እየተሳተፈ፣ ጉልበት የሌለው አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ። በእህል ሲሰፈር የኖረው ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው። ለአምስት ሰው 75 ኪሎ ይሆናል፤ የሥራው ወራት ስድስት ቢሆኑ በዓመት አራት ኩንታል ተኩል ማለት ነው። ይህ እህል የመንግሥትና የለጋሾች ስለሆነ የማንም አይደለም የሚሉ አሉ። እንዲህ የሚለው ሰው የቀበሌው ኮታ የተቆረጠ መሆኑን ረስቷል። የሰው ቁጥር ስለበዛ ቦታው አይበዛም፤ አንድ የጠገበ ቤተሰብ ተመዝግቦ በቆየ ቁጥር አንድ የራበው ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ እርስዎ በላስቲክ የጠቀለሉት ወረቀት የመንግሥት ሀብት ብቻ ሳይሆን የሌላ ሰው ተራ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ባልቴት ያለችው ምእመን ራሱ ይርዳት፣ ቤተ ክርስቲያንን አያክብድባት፣ እርሷ በእውነት ባልቴት የሆኑትን ትረዳ ዘንድ ሲል (1ኛ ጢሞ. 5፥16) ለመዝገብ የደነገገው ሕግ ይኸው ነው፤ ሌላ የሚችል ያለው ሰው ከመዝገቡ ይውጣ፣ ማንም የሌለው እንዲገባ።

ታዲያ ዛሬውኑ ይመልሱ? ይህን ለማለት አልቸኩልም፤ ባለቤትዎ የተናገሩትንም የእምነት ጉድለት ነው ብዬ አላልፈውም። ጎተራውን በየቀኑ ከፍተው የሚያዩት እርሳቸው ናቸው። በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ሙሉ የነበረ ቤት በጥቂት ቀን ባዶ ሲሆን ያየ ሰው «በእጅህ ያለውን አትጣል» ቢል አይፈረድበትም። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቁጠር ብሏል (ሉቃ. 14፥28)። ስለዚህ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ ቁጠሩ። መርሐ ግብሩ ራሱ አንድን ቤተሰብ «ተመረቀ» የሚለው ያለ ድጋፉ 12ቱን ወር ራሱን መመገብ ሲችልና መጠነኛ ችግር ቢመጣበት ጥሪቱን ሳይሸጥ ሲቋቋም ነው። መለኪያው መልካም ነው፤ ከእርሱ የተሻለ ከእኔ አይጠብቁ።

ስትቆጥሩ ግን ሁለት ነገር ለዩ። የመጀመሪያው ኦፓሉ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የደላንታ ገደል ስንቱን ጎጆ ቆርቆሮ እንዳለበሰ እናውቃለን፤ ዋሻው ተንዶ ያስቀራቸውንም ልጆች እናውቃለን። ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴው ነው፤ ዛሬ የተገኘው ድንጋይ ነገ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የኦፓሉን ገንዘብ እንደ ዓመት ቀለብ አትቁጠሩት፤ በእርሱ የተገዙትን በሬዎችና በጎች ግን ቁጠሯቸው፤ እነርሱ ጥሪት ናቸው። ሁለተኛው በልጉ ነው። በደጋችሁ በልግ ሲቀር ገብሱ ብቻ ሳይሆን የበጉ ግጦሽም አብሮ ይቀራል። እንግዲህ ራሳችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ በልግ ቢቀር፣ በሬዎቹን ሳንሸጥ፣ የመኸሩ እህልና ጥቂት በጎች እስከሚቀጥለው አዝመራ ያደርሱናልን? መልሱ «አዎ» ከሆነ ጊዜው ደርሷል። «አንድ ዓመት ብንጨምር ይደላደላል» ከሆነም እውነቱን ተጠቃሚ ለሚለየው የቀበሌው ግብረ ኃይል ተናግረው፣ ሀብትዎን ሳይሸሽጉ እነርሱ ይቆያል ካሉ መቆየት ይችላሉ፤ ይህን ኃጢአት አልለውም። ከጻፉልኝ ስገምት ግን መልሱ «አዎ» ይመስለኛል።

ኃጢአቱ የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው። በየዓመቱ ተጠቃሚ ሲጣራ «ስንት ከብት አለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ በሬውን ዘመድ ቤት አስሮ፣ በጉን በርቢ ሰጥቻለሁ ብሎ፣ ያገባውን ልጅ ከቤቱ እንዳልወጣ አድርጎ የሚያስቆጥር ሰው አለ። ይህ ሐሰት ነው፤ ደግሞም በድኻ ላይ የተነገረ ሐሰት ነው። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለው ቃል በንስሐ አባት ፊት አያቆምም። ካርዱን ለዘመድ ማዋስ ወይም በገንዘብ መሸጥም ከዚሁ ይቆጠራል፤ በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም።

«እህሉን ለደብሩ ስጥ» ያሏችሁ ሰዎች ለቤተ ክርስቲያን አስበው ይሆናል፤ ምክራቸው ግን አይሆንም። ንጉሥ ዳዊት የኦርና አውድማ በነጻ ይሁንልህ ሲባል፣ ለእግዚአብሔር ያለ ዋጋ ያገኘሁትን መሥዋዕት አላቀርብም ብሎ በዋጋ ገዛው (2ኛ ሳሙ. 24፥24)። ዳዊት እንቢ ያለው ባለቤቱ ወዶ የሰጠውን ነው፤ እርስዎ የሚሰጡት ደግሞ የእህሉ ባለተራ የሆነችው ጎረቤትዎ ያልሰጠችውን ይሆናል። የዚያች ባልቴት ስንዴ መገበሪያ ሆኖ መቅደስ አይገባም። ለደብሩ መስጠት ከፈለጉ ከራስዎ አዝመራ አሥራትዎን ያውጡ፤ ምስሩም ስንዴውም እንደተረፈ ነግረውኛልና።

ወደ ጎረቤትዎ እንምጣ። ሙስሊም መሆኗን ጨምረው የጻፉት ምናልባት ለእርሷ ብዬ ብተወው ዋጋ አለውን የሚል ሐሳብ ቢኖርብዎ ይሆናል። በአንድ ቂሬ የሚቀባበር ሕዝብ ይህን መጠየቅ ባልነበረበት፤ ግን መልሱ ካስፈለገ ጌታችን ራሱ በናዝሬት ምኵራብ ተናግሮታል፦ በኤልያስ ዘመን በእስራኤል ብዙ ባልቴቶች ነበሩ፣ ነቢዩ ግን የተላከው በሲዶና ወዳለችው ወደ ሰራፕታዋ ባልቴት ነው (ሉቃ. 4፥25-26)። ከላይ ያነሣናት ያቺው ባለ ማድጋ ሴት ከእስራኤል ወገን አልነበረችም።

ካርዱን ግን በእጅዎ ለእርሷ ማስተላለፍ አይችሉም፤ ተጠቃሚ የሚለየው በሕዝብ ፊት በቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው፣ ተተኪውንም የሚመርጡት እነርሱ ናቸው። እርስዎ የሚችሉት የሚከተለውን ነው። ለዓመቱ ተጠቃሚ ከመለየቱ በፊት ወደ ግብረ ኃይሉ ሄደው መውጣት እንደሚፈልጉ ይንገሩ፤ ስምዎ ከመዝገቡ መነሣቱንም ያረጋግጡ፤ ካርዱ ተመልሶ ስምዎ በመዝገቡ ላይ ከቆየ ሌላ ሰው በእርስዎ ስም እህል ሊሰፍርበት ይችላል። የሕዝቡ ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ ቀርተው አይዋሉ፤ ተነሥተው «እኔ ወጥቻለሁ፣ ይህችን ባልቴት የማያውቅ የለም» ብለው ይመስክሩላት። ብዙ ድኻ የሚቀረው የሚናገርለት ስለሌለው ነው። ያን ጊዜም ካልገባች ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው አብረዋት ይሂዱ። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም በዕለት ማዕድ ጊዜ ባልቴቶቻችን ቸል ተባሉ የሚል ቅሬታ ሲነሣ ቅሬታውን አላፈኑትም፤ የሚያስተካክሉ ሰባት ሰዎች ሾሙበት (ሐዋ. 6፥1-6)። እርሷ እስክትገባ ያለው ጊዜ ደግሞ የእርስዎ ጎተራ ጉዳይ ነው፤ የቀበሌ ፊርማ አያስፈልገውም።

ሳያስፈልግዎ የተቀበሉት ካለ፣ ለምሳሌ ያለፈው ዓመት እህል ተርፎ እየሸጡ ስንዴውንም የወሰዱበት ወር ካለ፣ እርሱን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ የእርስዎን ልክ የሚወስኑት ሁኔታዎን የሚያውቁት አባት ናቸው፣ እኔ ከሩቅ ሆኜ ቀኖና አልሰጥም።

በመጨረሻ ስለጠየቁት፦ ከወጡ በኋላ ክፉ ዓመት ቢመጣ እንደገና መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ከእግዚአብሔርም ጋር ቃል ማፍረስ አይደለም። ሲመልሱ «ዳግመኛ አልለምንም» ብለው ስእለት እንዳይሳሉ ግን አደራ እላለሁ። ያን ቀን ባለቤትዎም አብረው ወደ ቀበሌው ቢሄዱ ይሻላል፤ ድንገተኛ ድርቅ የሚደርስበት የወጣ ቤተሰብ እንዴት እንደሚታይ ግብረ ኃይሉን እርሳቸው በራሳቸው አንደበት ይጠይቁ፣ መልሱንም በራሳቸው ጆሮ ይስሙ፤ ከእርስዎ ሲሰሙት አያምኑትም።